ባሮቹ በተቆጠሩበት ወንበር ማን ተቀመጠ?

ባለፈው ዓመት ደብረ ማርቆስ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ አሜሪካ አብዮት እያስተማርሁ ሳለ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ጥቁር ሰው ሙሉ ሰው አይደለም፣ ከአምስት እጅ ሦስት እጅ ብቻ ነው ይላል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ብቻ ቀርቶ ስለነበር «አዎ፣ እጅግ አሳፋሪ አንቀጽ ነው» ብዬ አለፍሁት። ማታ ቤቴ ገብቼ የነገውን ትምህርት ሳዘጋጅ ግን መልሴ እንደጎደለ ተሰማኝ። አንቀጹ አሳፋሪ መሆኑ የማያጠራጥር ቢሆንም፣ የሚያሳፍርበት ምክንያት ልጅቷም እኔም ካሰብነው ሌላ ነበር። እኛ የተቆጨነው ቁጥሩ ከአንድ በማነሱ ነው፤ በባርነት የተያዙትን ሰዎች የጎዳቸው ግን ከዜሮ መብለጡ ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ በሚገባ ለማስረዳት ሦስት ክፍለ ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ ያን ያስተማርሁትን ነው እዚህ አስፍቼ የምጽፈው። የአሜሪካን ታሪክ ስጠቅስ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችንን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

ነገሩን ለራሴ ያቀለለልኝ አንድ የቆየ ትዝታ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ሲካሄድ ገና ጀማሪ መምህር ነበርሁ፤ እንደ ብዙ የሥራ ባልደረቦቼ በቆጣሪነት ተመልምዬ ከየጁቤ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ የገጠር ቀበሌ ተላክሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ አባወራ ግቢ ስገባ ሰውዬው መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፈው በክብር አስቀመጡኝና፣ ቅጹን ከቦርሳዬ ሳወጣ ገና «ልጄ፣ ይኸ ቆጠራ ለግብር ነው ወይስ ለመሬት ድልድል?» ብለው ጠየቁኝ። ለሁለቱም እንዳልሆነ፣ አገሪቱ የሕዝቧን ብዛት ለማወቅ እንደሆነ በሠለጠንሁት መሠረት አስረዳሁ። አላመኑኝም፤ ባያምኑኝም አልፈርድባቸውም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬ «ልኬታው ርስቴን ለመንጠቅ ነው» ብሎ ነፍጥ እንዳነሳ ሲነገረን አድገናል። ለግብር የሚቆጠር ሰው ልጁንም ከብቱንም ይደብቃል፤ ለድልድል የሚቆጠር ሰው ደግሞ የጎረቤቱንም ልጅ ይጨምራል።

የቤተሰቡ ስም ተመዝግቦ ሲያልቅ በሩ ሥር የቆመ አንድ ልጅ አየሁ። ዕድሜው አሥር ዓመት ቢሆን ነው፤ ከብቶቹን በረት አስገብቶ መመለሱ ነበርና በትሩን እንደያዘ ነው የቆመው። ቅጥር እረኛ ነበር። መመሪያችን በቤቱ የሚኖር ሰው ሁሉ ይመዝገብ የሚል ስለነበር ስሙን ጠየቅሁት፤ አባወራው ቀድመው መለሱልኝ። የአባቱን ስም ስጠይቅ እሳቸውም አያውቁትም ነበር፤ ልጁም አንገቱን አቀረቀረ። ከቤተሰቡ ኃላፊ ጋር ያለው ዝምድና በሚለው ቦታ ላይ ዝምድና እንደሌለው አመለከትሁ፤ የቤተሰቡም ብዛት በአንድ ጨመረ። ይህ ልጅ ባሪያ አልነበረም። ዓመቱ ሲያልቅ ደመወዙን ተቀብሎ ወደ እናቱ የሚመለስ ልጅ ስለነበር ነገሩን ከባርነት ጋር ላመሳስለው አልፈልግም። ሆኖም ሰው ስለ ራሱ ሌላ እየመለሰለት ሲቆጠር ምን እንደሚመስል በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አሁን ወደ ፊላደልፊያ ልሻገር። አሥራ ሦስቱ ግዛቶች ከእንግሊዝ ተለይተናል ባሉበት በዚያው በጁላይ 1776 መጨረሻ፣ ለጋራ ወጪያቸው እያንዳንዱ ግዛት ምን ያህል ያዋጣ የሚል ክርክር ተነሣ። መዋጮው በሕዝብ ብዛት ይሁን ሲባል፣ ባሮች ከሕዝቡ ይቆጠሩ ወይስ ይቅሩ? የደቡብ ካሮላይናው ቶማስ ሊንች ባሮቻችን ንብረታችን ናቸው፣ ከመሬትና ከበግ፣ ከከብትና ከፈረስ ተለይተው ለምን ግብር ይጣልባቸዋል ሲል ተከራከረ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን የሰጠው መልስ፣ በባሪያና በበግ መካከል ልዩነት አለ፣ በጎች መቼም አያምፁም የሚል ነበር። የሊንችን ክርክር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ከ11 ዓመት በኋላ ያው ከብትና ፈረስ ተገልብጦ ከሌላ ሰው አፍ ይወጣልና።

ያን ጊዜ መዋጮው በመሬትና በላዩ በተሠራው ሕንፃ ዋጋ እንዲሰላ ተወስኖ ታለፈ። መሬትን መገመት ግን እዚያም አገር ብዙ ጣጣ ያለው ሆነና በ1783 ኮንግረሱ እንደገና ወደ ሕዝብ ቁጥር ተመለሰ። ሁለት ባሮች እንደ አንድ ነፃ ሰው ይቆጠሩ የሚል ነበር፤ አራቱ እንደ ሦስት ይቆጠሩ ያለ ነበር፤ አራቱ እንደ አንድ ያለም ነበር። የቨርጂኒያው ጄምስ ማዲሰን አምስቱ እንደ ሦስት ይቆጠሩ የሚል ማስታረቂያ አቀረበ። ያ ስሙ የከፋ ክፍልፋይ የተወለደው እንዲህ በዋጋ ክርክር ነው፤ የሰውን ሰውነት መዝኖ ስድሳ በመቶ ሆኖ ያገኘው ማንም አልነበረም። በዚህ ጊዜ ደቡቦቹ ቁጥሩ ዝቅ እንዲል፣ ሰሜኖቹ ከፍ እንዲል ይፈልጉ ነበር፤ የተያዘው የመክፈል ጉዳይ ነዋ። ማሻሻያው የ13ቱንም ግዛቶች ፈቃድ ይሻ ስለነበር ሳይጸድቅ ቀረ። «አምስቱ እንደ ሦስት» የሚለው መስፈሪያ ግን ተሠርቶ ተቀምጧል፤ አራት ዓመት ቆይቶ ከተቀመጠበት ወጣ።

አዲሱን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው ጉባኤ በ1787 ከሜይ 25 እስከ ሴፕቴምበር 17 ፊላደልፊያ ውስጥ፣ ዛሬ የነፃነት አዳራሽ በሚባለው ሕንፃ ተቀመጠ። በጠቅላላው 55 ልዑካን የተሳተፉበት ሲሆን ግማሽ ያህሉ ባሪያ አሳዳሪዎች ነበሩ። በሩ ተዘግቶ፣ የሚነገረው ሁሉ በምስጢር እንዲያዝ ተስማምተው ነው የተነጋገሩት፤ ዛሬ ማን ምን እንዳለ የምናውቀው በዋናነት ማዲሰን ፊት ለፊት ተቀምጦ በየዕለቱ በያዘው ማስታወሻ ነው። ማዲሰን ራሱ በጁን 30 ንግግሩ፣ ግዛቶቹን የሚለያያቸው ትልቅና ትንሽ መሆናቸው ሳይሆን በዋናነት ባሪያ ያላቸውና የሌላቸው መሆናቸው ነው ብሏል። ትምህርት ቤት ስንማር ትልልቆቹ ግዛቶች ከትንንሾቹ ጋር ተጣልተው በሴኔት እኩል ወንበር፣ በተወካዮች ምክር ቤት በሕዝብ ብዛት ተስማሙ ተብሎ ነበር የተነገረን። ታሪኩ እውነት ነው፤ ነገር ግን «በሕዝብ ብዛት» ሲባል ሕዝብ ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ያነሳልን መምህር አልነበረም፤ እኔም ለብዙ ዓመት ሳላነሳው አስተምሬአለሁ።

በዚህ ጉባኤ ቆጠራው የወንበር ማከፋፈያ ሆነና ወገኖቹ ቦታ ተለዋወጡ። ጁን 11 ቀን የፔንሲልቬኒያው ጄምስ ዊልሰን፣ የደቡብ ካሮላይናው ቻርልስ ፒንክኒ ደግፎት፣ የምክር ቤቱ ወንበር በነፃ ሰዎች ቁጥርና በ«ሌሎች ሰዎች» ሦስት አምስተኛ እንዲከፋፈል ሐሳብ አቀረበ፤ በዘጠኝ ግዛቶች ድጋፍና በሁለት ተቃውሞ አለፈ። የማሳቹሴትሱ ኤልብሪጅ ጌሪ ተነሥቶ፣ በደቡብ ንብረት የሆኑት ጥቁሮች በውክልና ስሌት የሚገቡ ከሆነ የሰሜኑ ከብትና ፈረስ ለምን አይገባም ሲል ጠየቀ። የሊንች ክርክር ይኸውላችሁ። በ1776 ደቡቡ ግብር ላለመክፈል ባሮቹን ከበግ ጋር ቆጠራቸው፤ በ1787 ሰሜኑ ወንበር ላለማጣት ከፈረስ ጋር ቆጠራቸው። ሁለቱም ስለ ሰዎቹ አልነበረም የሚናገሩት፤ ስለ ሰዎቹ የሚናገር ሰው በአዳራሹ ውስጥ በብዛት አልነበረም።

ከክርክሩ ሁሉ እኔን እጅግ የሚመስጠኝ የኒው ጀርሲው ዊልያም ፓተርሰን ጁላይ 9 ያነሳው ነጥብ ነው። ውክልና ማለት ምንድን ነው? ሕዝቡ ሁሉ አንድ ቦታ መሰብሰብ ስለማይችል ጥቂት ሰዎች በእሱ ፈንታ የሚሰበሰቡበት ዘዴ ነው። ታዲያ ሕዝቡ ራሱ ቢሰበሰብ ባሮቹ ድምፅ ይሰጡ ነበር? አይሰጡም። ካልሰጡ ለምን ይወከላሉ? ይህን ለተማሪዎቼ የነገርኋቸው በዋርካ ሥር በሚደረግ ሸንጎ ምሳሌ ነው። ሸንጎው ሲጠራ አንዱ ባላባት ብቻውን ይመጣል፤ ቤቱ የታሰሩ አሥር ሰዎች አሉት። የመንደሩ ሰው እያንዳንዱ አንድ ቃል ሲኖረው እሱ በታሰሩት ሰዎች ስም ስድስት ቃል ይጨመርለታል፤ የሚናገረውም ሰዎቹ እንደታሰሩ እንዲቆዩ ነው። ፓተርሰን ቀጥሎ፣ በቨርጂኒያ ራሷ ሰው በባሮቹ ብዛት ድምፅ ይሰጠዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። አይሰጠውም ነበር። በገዛ ግዛታቸው ያልሠሩበትን ሥርዓት ነው ለአገር የጠየቁት።

ጁላይ 11 ደግሞ የልጅቷን ጥያቄ የሚያፈርሰው ነገር ሆነ። የደቡብ ካሮላይናዎቹ ፒርስ በትለርና ጄኔራል ቻርልስ ኮትስዎርዝ ፒንክኒ ሦስት አምስተኛ አይበቃንም፣ ጥቁሮቹ ከነጮቹ እኩል፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ሆነው ይቆጠሩ አሉ። ባሪያ አሳዳሪዎቹ ናቸው «ሙሉ ሰው» ያሉት! በትለር ያቀረበው ምክንያት የባሪያ ጉልበት በደቡብ ካሮላይና የሚያስገኘው ሀብት ነፃ ሰው በማሳቹሴትስ ከሚያስገኘው አያንስም የሚል ነበር። ሐሳቡን ደላዌር፣ ደቡብ ካሮላይናና ጆርጂያ ሲደግፉት ሰባት ግዛቶች ጣሉት። ይህን ለክፍሉ ባነበብሁ ጊዜ ለጥቂት ጊዜ ጸጥታ ሆነ። ሙሉ ሆነው ቢቆጠሩ ኖሮ የደቡብ ካሮላይና ጌቶች ወንበር በዚያው ልክ ይበዛ ነበር፤ ከናካቴው ባይቆጠሩ ደግሞ ጌቶቻቸው ባላቸው ነፃ ሰው ብዛት ብቻ ይቀመጡ ነበር። ሦስት አምስተኛው በሁለቱ መካከል የተገኘ የጌቶች ዋጋ ነው። ነፃ የወጣ ጥቁር ሰው በዚሁ አንቀጽ እንደ ማንኛውም ነፃ ሰው አንድ ሙሉ ሆኖ ይቆጠር እንደነበርም መዘንጋት የለበትም፤ አንቀጹ የለየው ነፃውን ከታሰረው ነበር።

ጁላይ 12 የሰሜን ካሮላይናው ዊልያም ዴቪ፣ ባሮቹ ቢያንስ በሦስት አምስተኛ ካልተቆጠሩ ግዛቱ ወደ ኅብረቱ ፈጽሞ እንደማትገባ፣ ጉባኤውም ያኔውኑ እንዳበቃ ይቆጠር ብሎ ቁርጡን ተናገረ። በዚያው ዕለት የፔንሲልቬኒያው ልዑክ ገቨርነር ሞሪስ («ገቨርነር» የሰውዬው ስም ነው እንጂ ሹመት አይደለም) ባቀረበው መንገድ ወንበሩ ከቀጥተኛ ግብር ጋር ተያያዘ፤ በባሮቹ ስም ወንበር የሚወስድ ግዛት በባሮቹ ስም ግብርም ይክፈል ተባለና ስድስት ግዛቶች ደገፉ፣ ሁለት ተቃወሙ፣ ሁለት ለሁለት ተከፈሉ። ሚዛናዊ ይመስላል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ እስከ እርስ በርሱ ጦርነት ዋዜማ ድረስ የፌዴራሉ መንግሥት ቀጥተኛ ግብር የጣለው በ1798፣ በ1813፣ በ1815 እና በ1816 ብቻ ነው። ወንበሩ ግን በየምርጫው፣ በየዓመቱ፣ በየድምፅ አሰጣጡ ይሠራ ነበር። ደቡቡ ዘወትር የሚበላበትን ማዕድ አልፎ አልፎ በሚከፈል መዋጮ ነው የገዛው።

ሞሪስ ራሱ ይህ ሰላም አልሰጠውም። ኦገስት 8 ቀን ተነሥቶ ያደረገው ንግግር በጉባኤው ሁሉ ካሉት ንግግሮች የከበደ ይመስለኛል። ባርነት ባለበት ሁሉ የሰማይ እርግማን ነው አለ። ባሮች በምን መርህ ነው የሚቆጠሩት? ሰዎች ናቸው? እንግዲያውስ ዜጋ አድርጓቸውና ድምፅ ይስጡ። ንብረት ናቸው? ታዲያ ሌላ ንብረት ለምን አይቆጠርም? ቀጠለና ነገሩ ሲተረጎም ምን ማለት እንደሆነ በግልጽ አስቀመጠው፤ ወደ አፍሪካ ባሕር ዳርቻ ወርዶ ወገኖቹን ከሚወዷቸው ሰዎች ነጥሎ ወደ ጭካኔ ባርነት የሚነዳ የጆርጂያ ወይም የደቡብ ካሮላይና ሰው፣ ይህን ድርጊት ከሚጸየፈው የፔንሲልቬኒያ ወይም የኒው ጀርሲ ሰው የበለጠ ድምፅ ያገኛል ማለት ነው። አንድ ሰው ባስመጣ ቁጥር ወንበር እየጨመረ የሚሄድበት ሥርዓት ለንግዱ ማበረታቻ ነው። ነፃ ሰዎች ብቻ ይቆጠሩ የሚለው የሞሪስ ሐሳብ ድምፅ ሲሰጥበት ከኒው ጀርሲ በቀር የደገፈው ግዛት አልነበረም።

ወደ ቁጥሩ እንሂድ፤ ተማሪዎቼ የገባቸው ሰሌዳ ላይ ባሰላነው ጊዜ ነው። የመጀመሪያው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በዚሁ አንቀጽ ትእዛዝ በ1790 ነው። በዚያ ቆጠራ ቅጽ ላይ በስሙ የሚጻፈው የቤተሰቡ ኃላፊ ብቻ ነበር፤ ሌላው በየዓምዱ በቁጥር ይገባል፤ ባሮች ደግሞ የመጨረሻው ዓምድ ናቸው። ወደ 700 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ያለ ስም በዚያ ዓምድ ተቆጠሩ። ቨርጂኒያ 747,610 ሰው ነበራት፤ ከእነዚህ 292,627ቱ ባሮች ነበሩ። ፔንሲልቬኒያ 434,373 ሰው ነበራት፤ ከእነዚህ ባሮች 3,737 ብቻ። ባሮቹን ስንቀንስ ቨርጂኒያ 454,983 ነፃ ሰው ይቀራታል፤ ፔንሲልቬኒያ 430,636። ሁለቱ ግዛቶች በነፃ ሰው ብዛት ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ነው። ለአንድ ወንበር 33,000 ሰው የሚል መስፈሪያ ተወሰነ። ጠያቂዋን ልጅ ጠመኔ ሰጥቼ ወደ ሰሌዳ አወጣኋትና እሷ ራሷ አካፈለችው፤ በነፃ ሰው ብቻ ቢሆን ለቨርጂኒያ 13 ወንበር፣ ለፔንሲልቬኒያም 13። ከዚያ የባሮቹን ሦስት አምስተኛ፣ 175,576 ሰው፣ በቨርጂኒያ ላይ ደመረችና እንደገና አካፈለች፤ 19 ሆነ። በታሪክም ቨርጂኒያ ያገኘችው 19፣ ፔንሲልቬኒያ ያገኘችው 13 ወንበር ነው። ልጅቷ ጠመኔውን እንደያዘች ስድስቱን ወንበር እያየች ቆመችና «ታዲያ እዚህ ላይ የተቀመጡት እነማን ናቸው?» አለች። የዚህ ጽሑፍ ርእስ የእሷ ነው።

አንድ ልጅ ደግሞ ከባድ ጥያቄ አነሣ። «ቲቸር፣ ሴቶችና ሕፃናትም ድምፅ አይሰጡም ነበር፤ እነሱ ግን ይቆጠሩ ነበር። በምን ይለያል?» የዚህን ልጅ ጥያቄ ማቃለል አልፈለግሁም፤ ሴቶቹ ድምፅ መነፈጋቸው ራሱን የቻለ በደል ነው። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ የፔንሲልቬኒያ ገበሬ ሚስትና ልጆች የሚኖሩበትን ቤት፣ የሚበሉትን እህል የሚነካ ሕግ ሲወጣ ገበሬውንም ይነካዋል። ቢያንስ በአንዳንድ ጉዳይ ጥቅማቸው አንድ ነው። በባሪያውና በጌታው መካከል ግን በዋናው ጉዳይ ላይ፣ ማለትም ሰውዬው የራሱ ነው ወይስ የሌላ በሚለው ላይ፣ የጋራ ጥቅም ሊኖር አይችልም። በትለር ጁላይ 13 ደቡቡ የሚሻው ዋስትና ጥቁሮቹ እንዳይወሰዱበት መሆኑን ሳይደብቅ ተናግሯል። ወንበሩ የተጠየቀው ለዚሁ ነው።

ፕሬዚዳንቱ በምን ይመረጥ የሚለው ጉዳይም እንዲሁ ተነክሯል። ማዲሰን ጁላይ 19 ላይ ሕዝቡ በቀጥታ ቢመርጥ ከሁሉ የተሻለ መሆኑን ከተናገረ በኋላ አንድ ችግር አስቀመጠ፤ በሰሜን ድምፅ የመስጠት መብት ያለው ሰው ከደቡብ ይበዛል፣ ደቡቡም በጥቁሮቹ ስም በምርጫው ላይ ምንም ተጽዕኖ ሊኖረው አይችልም። በቀጥታ ምርጫ ባሪያ አይቆጠርም፤ ሳጥኑ ድረስ ሄዶ ወረቀት መጣል ያለበት ሰው ራሱ ነውና። መራጮች ተሰይመው እነሱ ይምረጡ ሲባልና የየግዛቱ መራጮች ቁጥር ከተወካዮች ምክር ቤትና ከሴኔት ወንበሮቹ ድምር ጋር እኩል ሲሆን ግን ሦስት አምስተኛው በዚያም በር ይገባል። ለዚህ ሥርዓት መፈጠር ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ፣ አገሩ ሰፊ መሆኑና ሕዝቡ ዕጩዎቹን አያውቅም የሚለው ሥጋት ከእነዚህ ይቆጠራል፤ ማዲሰን በግልጽ የተናገረውን ግን ማለፍ አይገባም። በ1800 ምርጫ ቶማስ ጄፈርሰን 73፣ ጆን አዳምስ 65 የመራጮች ድምፅ አገኙ። ልዩነቱ ስምንት ነው። ብዙ የታሪክ ሰዎች አስልተው እንደደረሱበት፣ በባሮች ስም የተጨመሩት መራጮች ባይኖሩ አሸናፊው አዳምስ ይሆን ነበር። ከ1789 እስከ 1825 ባሉት 36 ዓመታት ውስጥ ለ32ቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት አራት የቨርጂኒያ ሰዎች፣ አራቱም ባሪያ አሳዳሪዎች፣ ናቸው።

ሌሎቹን አንቀጾች በአጭሩ ልጥቀስ። ኮንግረሱ የባሪያ ማስገባቱን ንግድ እስከ 1808 እንዳይከለክል ተደረገ፤ ያመለጠ ባሪያም በሄደበት ግዛት ነፃ እንዳይሆንና ለጌታው እንዲመለስ ተጻፈ። በእነዚህ ሁሉ አንቀጾች ውስጥ «ባሪያ» የሚለው ቃል አንድም ቦታ የለም። «ሌሎች ሰዎች» ይላል፤ «ለአገልግሎት ወይም ለሥራ የተያዘ ሰው» ይላል። ማዲሰን ሰው የሰው ንብረት ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ በሕገ መንግሥቱ መቀበል ስሕተት ይሆናል ብሎ ነበር። ቃሉን አስወጥተው ነገሩን አስቀሩት።

ይህን ባነበብሁ ቁጥር ሐሳቤ ወደዚሁ ወደ አገሬ ይመለሳል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአባይ ማዶ የተያዙ ሰዎች የሚሸጡበት የባሶ ገበያ የነበረው፣ እኔ ለቆጠራ በተላክሁበት በየጁቤ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ይነዱ ነበር። ባርነት በሕግ ሙሉ በሙሉ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ያን ዘመን ያዩ ሽማግሌዎች በልጅነቴ ነበሩ። ሲያወሩ ቃሉን አይጠሩትም ነበር። «የእነ እገሌ ቤት ሰው» ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። የዚያ «ቤት ሰው» የልጅ ልጆች ዛሬም አሉ፤ ጋብቻ ሲመጣ የዘር ቆጠራው እንደማይቀርላቸው የጎጃም ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ የፊላደልፊያን ሰዎች ስወቅስ ከሩቅ ሆኜ የምወቅስ እንዳይመስለኝ ራሴን አስጠነቅቃለሁ።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ላይ የደረስነው ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ ያለው ነው። በ1865 ባርነት ተሻረ፤ በ1868 የጸደቀው አሥራ አራተኛው ማሻሻያ ሦስት አምስተኛውን አስወግዶ እያንዳንዱ ሰው አንድ ሙሉ ሆኖ እንዲቆጠር አደረገ። ተማሪዎቼ ደስ አላቸው። ጠያቂዋ ልጅ ግን ከሰሌዳው የተማረችውን አልረሳችም፤ «ድምፅ ካልሰጡ የደቡቡ ወንበር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም እኮ» አለች። ልክ ነበረች። ማሻሻያውን የጻፉትም ይህን አስበውት ነበርና በሁለተኛው ክፍሉ ላይ፣ ለአዋቂ ወንድ ዜጎች ድምፅ የሚነፍግ ግዛት በዚያው መጠን ከውክልና ቁጥሩ ይቀነስበታል የሚል ቅጣት አስቀመጡ። በ1870 አሥራ አምስተኛው ማሻሻያ በዘር ምክንያት ድምፅ መንፈግን ከለከለ። ከዚያም ሚሲሲፒ በ1890፣ ደቡብ ካሮላይና በ1895 አዲስ ሕገ መንግሥት አውጥተው፣ በምርጫ ግብርና በንባብ ፈተና፣ ጥቁር ዜጎቻቸውን ከምርጫ ሳጥኑ አባረሩ። በ1965 የምርጫ መብት ሕግ እስኪወጣ ድረስ እነዚያ ሰዎች በየአሥር ዓመቱ ቆጠራ፣ አሁን ከአምስት አምስቱንም እጅ ሆነው፣ በወንበር ስሌቱ ውስጥ ይገቡ ነበር፤ ወንበሩም ድምፅ ለነፈጓቸው ሰዎች ይሰጥ ነበር። በአሥራ አራተኛው ማሻሻያ ሁለተኛ ክፍል የተጻፈው ቅጣት እስከ ዛሬ በአንድም ግዛት ላይ አልተፈጸመም።